የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት አልፎናል፤ ከ1 እንጀምር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች። የ15 ወሩን ሳትወጋ 20 ወር ሞላት። የመጀመሪያው ከንቱ ቀረ ማለት ነው? አንዴ የተከተበችውስ ለምን ይደገማል?

የክትባት ነርስ፦ እህቴ፣ ከ1 አይጀመርም። ካርዱን ይዘሽ ሂጂና 2ኛውን ብቻ ትወጋ። በመካከሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ይለፍ እንጂ መዘግየቱ የፊተኛውን አያበላሸውም። ግን የክትባት ቀናቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ። የክትባቱ ዱቄት አንዴ ከተበጠበጠ ቢበዛ በ6 ሰዓት ውስጥ ስለሚጣል፣ ለአንድ ልጅ ብለው የብዙ ልጆች ብልቃጥ መክፈት የሚሳሱ አሉ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ለምን ይደገማል ላልሽው፦ ሕፃን ሲወለድ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የተሻገረ አንቲቦዲ (ጀርም የሚለቅም የሰውነት መከላከያ) በደሙ አለ። የውሰት ስለሆነ በወራት ያልቃል። ሳያልቅ ከተከተበ ግን ይኸው አንቲቦዲ የተዳከመውን የክትባት ቫይረስ ገና ሳይራባ ይለቅመዋል፤ ልጁ ተወጋ እንጂ ሰውነቱ አልተማረም። 9 ወር ድረስ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚይዝላቸው ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉ ናቸው። 2ኛው በዋናነት ለቀሩት 15 ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን ስለማይለይ ሁሉም ይወጋል።

ሲይዝስ? ክንድ ላይ የገባውን ቫይረስ ጠባቂ ሕዋሳት ቆራርሰው ብብት ሥር ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይወስዱታል። እዚያ ካሉት እልፍ ቢ እና ቲ ሴሎች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) የሚነቁት ቅርጹ የሚገጥምላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ተባዝተው አንቲቦዲው በደንብ እስኪወጣ 2 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ቢመጣባት አትደንግጪ፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃታል። በኋላ አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ፤ አስታዋሾቹ ለዓመታት ይቀራሉ። እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ በጥቂት ቀን የሚነሡት እነዚህ ናቸው።

ጠያቂዋ፦ ፔንታ (የ5 በሽታዎች ክትባት) 3 ጊዜ የሚወጋውም ለዚሁ ነው?

ፋርማሲስት፦ የለም፣ እሱ ሌላ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታቫለንት ውስጥ የሚራባ ሕያው ጀርም የለም። ስለዚህ አንዱ ብቻውን የሚተወው ትውስታ ደካማ ነው፤ ተከታዩ ያጠነክረዋል። የኩፍኙ 2ኛ ግን ላልያዘለት ልጅ ዳግም ዕድል ነው። ደግሞ በቅርብ ወራት ደም ተሰጥቷት ከሆነ ለነርሷ ንገሪያት። የለጋሹ አንቲቦዲ አብሮ ስለሚገባ ልክ እንደ እናትየው ክትባቱን ይለቅመዋል፤ ያኔ ቀጠሮው ይገፋል።