ባክሎፌን ጀመርኩ፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ

የጅማዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭ በሽታ) እንዳለብኝ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን እግሬ እንደ እንጨት እየደረቀ አስቸገረኝ። ሌሊት ደግሞ በራሱ ጊዜ እየፈነጠረ ይቀሰቅሰኛል። አዲስ አበባ ያለው የነርቭ ሐኪሜ ባለ 10 ሚሊ ግራም ባክሎፌን የሚባል የደረቀ ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን አዘዘልኝ፤ ግማሽ ግማሽ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቀስ እያለ ይጨመራል ብሎኛል።

ሰኞ ጀመርኩ። ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ እንደያዝኩ ዓይኔ ተከደነ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔ ደነገጥኩ። እናቴ «ምች ነው፣ ዳማከሴ በቡና ጠጪና ኪኒኑን ተይው» ትላለች። ልተወው ወይስ ይለመዳል? ቡናስ ይከለከላል? ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው አይሆንልኝም።

ባለ ምርኩዙ፣ አጋሮ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ስድስት ዓመት ወስጄዋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሰካራም ነበር የምሄደው፤ በሁለተኛው ቀለለኝ። የኔ ጣጣ የመጣው መጠኑ ሲጨመር ነው። እግሬ ላላ ብዬ ደስ ብሎኝ ከበርጩማ ብድግ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ለካ ደግፎ ያቆመኝ ያ ድርቀት ኖሯል! ሐኪሙ ትንሽ ቀነሰልኝና ተስተካከለ። ሌሊት ስትነሺ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በይ። ኪኒኑን ደግሞ በእጅ አትስበሪው፣ ይፈረካከሳል። በአዲስ ምላጭ፣ ሰረዙ ላይ።

ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ፦
በትንሹ የሚጀመረው ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በዋናነት አከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ ላይ ነው፤ ጡንቻን የሚያጨማድደውን መልእክት ያበርዳል። በሽታውን ራሱን አያክምም፤ ለኤም ኤስ የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ካለሽ በዚህ አትተኪው።

ከምግብ ጋር ውሰጂው። አልኮል፣ የእንቅልፍ ኪኒንና የሚያስተኛ የጉንፋን መድኃኒት አትቀላቅዪ። የኩላሊት ችግር ካለብሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። አንዱን ሰዓት ብትረሺ በሚቀጥለው ሁለቱን ባንዴ አትዋጪ። ቡናሽን ጠጪ፣ ብቻ ማታ እንቅልፍሽን እንዳይነሳሽ።

ልብ በይ፦ ለጥቂት ጊዜ ከወሰድሽው በኋላ ባንዴ አይቋረጥም። በድንገት ያቆመ ሰው ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊታየው፣ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል። መተውም በሐኪም፣ እየተቀነሰ ነው። እንቅልፉ ከከበደሽ ወይ ግራ ካጋባሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪለት።

እናት ሆድ፦
ፋርማሲ የሚሠራው ወንድማችን ያለው እኔ ላይ ደርሷል። መድኃኒቱ ከከተማ ጠፋ፣ «ነገ ይመጣል» ሲሉኝ አራት ቀን ሄደ። ሁለቱ እግሮቼ ተቆላለፉ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ሌሊቱን ግድግዳው ላይ ሰው ይታየኝ ነበር። አሁን የሁለት ሳምንት ትርፍ ሳይኖረኝ አላድርም። ሲያልቅ እህቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። 350 ኪሎ ሜትር ቀላል እንዳይመስልሽ።

ሌላው፣ ድርቀቱ ባንዴ ከባሰብሽ መጠን ለመጨመር አትሩጪ። ሽንትሽን አስመርምሪ። እኔን ሁለቴ ያሰረኝ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፤ ሲታከም እግሬ ተፈታ።

የሂርማታ ልጅ፦
ጫትስ? እንቅልፉን ያባርርላታል።

ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ፦
ወንድሜ፣ አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ ይቀሰቅሳል፤ እሷን መሃል አስገብተህ ልታታግላቸው ነው? ይቅርባት።

የጅማዋ መምህርት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ጋ ደወልኩ። ለጥቂት ቀን የማታዋን ግማሽ ብቻ ውሰጂ፣ የቀኑን ቅዳሜ ትምህርት በሌለበት እንጀምራለን አለኝ። ትናንት እግሬ ሳይፈነጥር አደረ። እናቴ ዳማከሴው ሠራ ብላ ለጎረቤት እያወራች ነው፤ ትበል። ምላጭ ገዝቻለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ትርፍ ኪኒን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ልዞር ነው።