ወደ ኢላስቲክሰርች 8 ካለፍን ወዲህ የገበያ ሪፖርቱ እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ እታለም (ደብረ ማርቆስ)
እንደምን ዋላችሁ። የእህል ዋጋ እየመዘገብን ሪፖርት የምናወጣ ትንሽ ቢሮ ነን። የቢቸና ጤፍ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም በቆሎ፣ ኩንታሉ ስንት ዋለ፣ ስንት ኩንታል ገባ፣ ይኸው ነው ሥራችን። እሑድ ሰው በሌለበት ብዬ መዝገቡን የሚያከማችልንንና የሚደምርልንን ፕሮግራም፣ ኢላስቲክሰርችን፣ ከ7.17 ወደ 8 አሳደግሁት። ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን ብከፍተው ባዶ። መዝገቡን በጊዜ የሚከፋፍለው ዴት ሂስቶግራም «ኢንተርቫል» (የክፍፍሉ ርዝመት) የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። በ«_ተርም»፣ በስም ተራ ማለት ነው፣ የደረደርሁት የገበያ ዝርዝርም ስህተት ይመልሳል። የሦስት ሳምንት አማካይ የሚያወጣልኝ ሙቪንግ አቬሬጅማ ጭራሽ የለም። «ካሌንደር_ኢንተርቫል» ብዬ 30 ቀን ብሰጠው አልቀበልም አለ፤ «መንዝ» ስለው ሠራ፣ ግን የነሐሴ ድምር ከወረቀት መዝገባችን ጋር አይገጥምም። ሪፖርቱ ለረቡዕ ይፈለጋል፤ እባካችሁ።

የዳንግላው ልጅ፦
ምን ያስጨንቅሻል፣ ወደ 7 መልሺው። ረቡዕ ካለፈ በኋላ ቀስ ብለሽ ትሠሪዋለሽ።

ጣና ዳር፦
እንዳትሰሚው! 8 አንዴ የነካውን ዳታ 7 መልሶ አይከፍተውም። መመለስ የሚቻለው በ7 ጊዜ ያነሳሽው ስናፕሾት (የዳታው ቅጂ) ካለ ብቻ ነው። ደግሞም ጉዳዩ ይህን ያህል አያደርስም።
ኢንተርቫል በድንገት አልጠፋም። ከ7.2 ጀምሮ፣ በ2019 ማለት ነው፣ «ይቀራል» እያለ ሲያስጠነቅቅ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የሚጻፍበትን የዴፕሪኬሽን ሎግ ብታዪው ሞልቶ ታገኚዋለሽ። (ማን ያየዋል፣ እኔም አላየሁም ነበር።) አሁን ለሁለት ተከፍሏል። «ካሌንደር_ኢንተርቫል» ቀን፣ ሳምንት፣ ወር፣ ሩብ ዓመት፣ ዓመት የመሳሰለውን ይቀበላል፣ ግን አንድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ብትይው እንኳ እምቢ ይላል። «ፊክስድ_ኢንተርቫል» ደግሞ ርዝመቱ የማይለወጥ ነገር ነው የሚፈልግ፣ ከሚሊሰከንድ እስከ ቀን፤ 30 ቀን የሚሄደው እዚህ ነው። ወርና ሳምንት ግን አያውቅም።
«_ተርም»ንም፣ በጊዜ የሚደረድረውን «_ታይም»ንም «_ኪይ» ብለሽ ቀይሪ፣ አለቀ።

ቆጋ፦
ሙቪንግ አቬሬጁን በ«ሙቪንግ_ኤፍኤን» ተኪው። ዊንዶውን (ስንት ሳምንት እንደሚያማክል) 3 አድርጊና ስክሪፕቱ ላይ «አንዌይትድ አቬሬጅ» የሚለውን ፈንክሽን ጥሪ። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ካልነገርሽው የዚህን ሳምንት ዋጋ ትቶ ያለፉትን ሦስት ነው የሚያማክል። የዚህ ሳምንትም እንዲገባ «ሺፍት»ን 1 አድርጊ።

አያ ሙሌ፦
የነሐሴው ነገር ነው ዋናው፣ ሁላችሁም አለፋችሁት። እታለም፣ «መንዝ» ስትዪው የፈረንጅ ወር ነው የሚሰጥሽ። የ2025 ኦገስት ማለት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 2017 ነው፤ እንዴት ከመዝገብሽ ጋር ይገጥማል? 30 ቀኑም ቢሆን አያድንሽም። ቆጠራውን የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 1970 ነው፣ የኛ ወር መባቻ ላይ አይቆምም፤ በአጋጣሚ ቢቆም እንኳ ጳጉሜ መጥታ ታፈርሰዋለች። ስለዚህ የድሮውም ሪፖርት ትክክል አልነበረም ማለት ነው፣ አትቆጪኝ።
ለረቡዕ እንዲደርስልሽ መነሻና መድረሻ ቀኑን ራስሽ የምትሰጪውን «ዴት_ሬንጅ» ተጠቀሚ። ነሐሴ 2017፦ ከ2025-08-07 እስከ 2025-09-06። መጨረሻው ቀን አይቆጠርም፣ እሱ ጳጉሜ 1 ነው። «ታይም_ዞን» +03:00 ማለትንም አትርሺ። ካለዚያ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሚቆጥር ቀኑ የሚጀምረው በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀኑን በእኩለ ሌሊት ሰዓት የምትመዘግቡ ከሆነማ የሰኞ ገበያ ወዳለፈው ሳምንት ይገባል።
ለዘለቄታው ግን መዝገቡ ሲገባ የኛን ዓመትና ወር «2017-12» ብለሽ ኪይወርድ ፊልድ (ጽሑፉን ሳይቆራርጥ እንዳለ የሚይዝ ቦታ) ላይ አስቀምጪና አንድ ዓይነቱን በአንድ በሚያስቀምጠው በ«ተርምስ» ሰብስቢ። «ነሐሴ» ብለሽ በስሙ አታስገቢ፣ ስትደረድሪው በፊደል ተራ ይሆናል። የተርምሱን ሳይዝ (ስንት ወር እንደሚመልስ) ደግሞ 13 አድርጊ፤ ካልነገርሽው 10 ብቻ ነው የሚመልስ፣ ሦስቱን ወር ዋጠ ብለሽ እንደገና እዚህ ትመጫለሽ።

የዳንግላው ልጅ፦
እሺ እኔ ዝም ልበል 😀

እታለም፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ሙሌ እድሜ ይስጥህ። በዴት ሬንጅ ነሐሴ ከወረቀቱ ጋር ልክክ አለ። የሰኞውም ነገር እንዳልኸው ነው፣ ስንት ጊዜ ሳምንቱን ስናዛባ ኖረናል! ሺፍቱን 1 አድርጌዋለሁ። ኪይወርዱን ከረቡዕ በኋላ እገባበታለሁ። ጳጉሜን ለብቻዋ አውጥቼ ለአለቃዬ ባሳየው «ይቺን ከነሐሴ ጋር ደምሪያት» አለኝ። ደመርኋት።