ሦስት ሙያ ይዘን አንድ መሣሪያ ላይ መስማማት አቃተን

የተከበራችሁ አንባብያን፣ በደሴና በኮምቦልቻ የምንማር ሦስት ተማሪዎች፣ የቃሉ ወረዳ ገበሬ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ ወደ ጎተራ ከማስገባቱ በፊት እርጥበቱን የሚለካበት ርካሽ መሣሪያ እየሠራን ነው፤ ከ12 በመቶ ገደማ በላይ እርጥበት ይዞ የተከማቸ እህል ለሻጋታና ለነቀዝ ይጋለጣልና።

የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪው መሣሪያው በቤተ ሙከራ በትክክል ከለካ ሥራው አልቋል ይላል፤ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዋ ግን አንድ ሙሉ የምርት ወቅት በገበሬው አውድማ ላይ ሳይፈተን ለማንም እንዳይሰጥ አጥብቃ ትከራከራለች። እኔ አካውንቲንግ ስለምማር፣ ገበሬው ስንት ብር ሊከፍልበት እንደሚችል ሳንጠይቅ መቀጠላችን ያሳስበኛል። የሁለቱም ሐሳብ እውነት አለው፤ የሚወስን ሰው ግን የለንም፤ በቴሌግራም የምንጻጻፈውም ቶሎ ወደ ቅሬታ ይለወጣል።

በእንዲህ ያለ ቡድን ያለፋችሁ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ለማን እንደሰጣችሁና የእያንዳንዳችሁን ድርሻ መቼ በጽሑፍ እንዳሰፈራችሁ ብታስረዱን እጅግ እናመሰግናለን።