ካኒስተሩን ካጠብኩ በኋላ አሞኒያ ወጣ፤ የቱን ልጠብ፣ የቱን ልተው?

ጨው ውሃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገንዳው 240 ሊትር የባሕር ውሃ ነው፤ 2 ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራልና ወደ 20 ኪሎ ድንጋይ አለበት። ጨዋማነቱ 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። ናይትሬቱ ከ40 ሚ.ግ. በሊትር አልወርድ ስላለኝ ካኒስተር ማጣሪያውን (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠውን ባለ ክዳን ማጣሪያ) ፈትቼ ስፖንጁንም የሴራሚክ ቀለበቱንም በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው 0.5 ሚ.ግ. በሊትር ሆነ፤ ዓሦቹም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። አሁን ምን ላድርግ? ወደፊትስ የቱ በስንት ጊዜ ይታጠባል?

የኮራል ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓሦቹን እናትርፍ። ዛሬውኑ 60 ሊትር ያህል ውሃ ቀይር፤ አዲሱ ውሃ ጨዋማነቱም ሙቀቱም ከገንዳው እኩል ይሁን። ለሁለት ቀን ምግብ አቁም፤ የሚበሉት ተመልሶ አሞኒያ ነው የሚሆነው። ኦክሲጅን እንዲገባ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ ጨምር። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ ይኸው 0.5 ፒኤቹ 7 በሆነ ገንዳ ውስጥ ካለው እጅግ የከፋ መርዝ ነው፤ ቀላል አድርገህ አትየው። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪገቡ በየቀኑ ለካ።

ቀለበቱ ላይ ያለው ቡናማ ልባስ ቆሻሻ ይምሰል እንጂ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። የቧንቧ ውሃ በክሎሪኑም፣ ጨው አልባ በመሆኑም ይፈጃቸዋል። ድንጋዩ ላይ ያሉት ስላልተነኩ ገንዳው ያገግማል።

ከእንግዲህ ቀለበቱን የምታጥበው ውሃ ስትቀይር ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ነው። ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ አድርገው፤ ጭቃው ከወረደ በቃ፣ ማሸት የለም። በ3 ወር አንዴ፣ ያውም ግማሹን ብቻ፤ የቀረውን ከወር በኋላ። ስፖንጁ ግን በየሳምንቱ ይጨመቃል። ናይትሬትህም በአብዛኛው ከዚያ ይመስለኛል፤ ስፖንጁ የያዘው የምግብ ትርፍራፊና ኩስ ከዓይን ተሰወረ እንጂ ከውሃው አልወጣም፣ እዚያው ይበሰብሳል። ነጭ ባልዲ ውስጥ ጭመቀው፤ ውሃው ጠቁሮ የባልዲው ታች ካልታየህ ዘግይተሃል።

ጸጥ ያለ ፓምፕ፦
በተባለው ላይ ልጨምር። ካኒስተርን በየሳምንቱ መፍታት አድካሚ ስለሆነ ሰው ይተወዋል። መምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ ስፖንጅ ግጠምና እሱን ብቻ አውጥተህ እጠበው፤ የውስጡን በወር አንዴ ትከፍታለህ። አደራደሩ ውሃው በሚያልፍበት ቅደም ተከተል ሻካራ ስፖንጅ፣ ስስ ጥጥ፣ ቀለበት፣ መጨረሻ የማጣሪያ ከሰል (አክቲቭ ካርቦን) ነው። ቀለበቱ ከፊት ከሆነ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል።

ማጣሪያው ቆሞ ሲቀር ባክቴሪያዎቹ ውስጡ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆመ ክዳኑን ሳትከፍት አታስነሳው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፋው፣ በገንዳ ውሃ አለቅልቀህ መልስ። ያ ውሃ ገንዳው ውስጥ ከገባ ዓሣ ይገድላል።

የክዳኑን ጎማ የሲሊኮን ቅባት ቀባው፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል። ስፖንጁ ንጹሕ ሆኖ ፍሰቱ ከደከመ የፓምፑ መዞሪያ ላይ ኖራ ተጋግሯል ማለት ነው፤ ኮምጣጤና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለህ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ በደንብ አለቅልቀው።

ጨው ውሃ፦
ተባረኩ። ውሃውን ቀይሬያለሁ። ከሰሉስ? አሞኒያውን ለማውረድ ዚዮላይት (አሞኒያ የሚይዝ ማዕድን) ብጨምርስ?

የሪፍ ጥዋት፦
ዚዮላይቱን ተወው። በጨው ውሃ ውስጥ ሶዲየሙ ቦታውን ስለሚሻማው አሞኒያ መያዝ አይችልም ማለት ይቻላል። ከሰልም አሞኒያንም ናይትሬትንም አያወርድም፤ ሥራው የውሃውን ቢጫነት፣ ሽታንና ኮራሎች እርስ በርስ የሚረጩትን መርዝ ማንሳት ነው። ለ240 ሊትር አንድ ኩባያ ያህል በወንፊት ከረጢት አድርገህ፣ ጥቁሩ ብናኝ እስኪያቆም በአርኦ ውሃ (በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ) አለቅልቀው፤ በየ3 እስከ 4 ሳምንት ቀይረው። ቀኑን ካኒስተሩ ላይ ጽፈህ ለጥፍ፤ ከሰል መሙላቱ በዓይን አይታወቅም።

ወደፊት ፎስፌት ለማውረድ ጂኤፍኦ (ፎስፌት የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ፍሬ) ካስገባህ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ጀምር፤ ፎስፌት በድንገት ሲወድቅ ኮራል ይነጣል። በሪአክተር (ውሃ በፍሬው መካከል የሚያልፍበት ቱቦ) ከሆነ ላይኛው ፍሬ ብቻ ቀስ ብሎ ይገላበጥ፤ ከተንተከተከ ተፈጭቶ ቀይ ብናኙ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ከሪአክተሩ የሚወጣው ውሃ ፎስፌት ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ቀን ቀይረው። ብቻ ጂኤፍኦውን፣ ከሰሉንና ቀለበቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ አትንካቸው፤ ቁጥሩ ሲዛባ የትኛው እንዳዛባው መለየት አትችልም።