ከድሬ ወደ ሐረር የለካሁት ስበት ደንገጎ ላይ ዘለለብኝ፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው የእኔ?

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከድሬዳዋ በደንገጎ አድርጌ ሐረር ድረስ የመሬት ስበት እየለካሁ ነው። ከቆላው ወደ ሐረር ደጋ ሲወጣ የምድር ቅርፊት እንዴት እንደሚወፍር ማየት ፈልጌ ነው። መሣሪያው በውሰት ያገኘሁት ሲጂ-5 የሚባል ግራቪሜትር (የስበት መለኪያ) ነው፤ ከፍታውን የወሰድኩት በስልኬ ጂፒኤስ ነው። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ አንድ ነጥብ ከጎረቤቶቹ በ7 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ ነው) በልጦ ቁጭ አለ። ጠዋት ሳቢያን የለካሁትን መነሻ ነጥብ ማታ ተመልሼ ስለካው 0.4 ሚሊጋል ተለያየ። ከዚያ ደግሞ የቡጌር ውጤቱ (የከፍታውና ከሥር ያለው አለት ተጽዕኖ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ስበት) ወደ ሐረር በቀረብኩ ቁጥር ከዜሮ በታች እየወረደ ሄደ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? አማካሪዬ «እንደገና ለኪ» ብሎኝ ዝም አለ።

ባለመዶሻው፦
አቦ እህቴ፣ መሣሪያውን ተይውና ስልክሽን ጠይቂው። አንድ ሜትር ከፍ ስትይ ስበቱ 0.3086 ሚሊጋል ይቀንሳል፤ ከሥርሽ የተጨመረው አለት (እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.67 ግራም ከተባለ) 0.112 ያህሉን ይመልሳል። የ1 ሜትር ስህተት ወደ 0.2 ሚሊጋል መጣ ማለት ነው። የአንቺ 7 ሚሊጋል 35 ሜትር ነው፤ ገደል ሥር የቆመ ስልክ ደግሞ ሰማዩን በግማሽ ስለሚያይ ይህን ያህል ቢስት አይገርምም። ባለ ሁለት ተቀባይ ጂፒኤስ ፈልጊ።

የመልክዓ ምድር ማስተካከያውንስ ሠርተሻል? በጎንሽ ያለው ተራራ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ከታችሽ ያለውን ገደል ደግሞ ስሌቱ አለት ነው ብሎ ቆጥሮታል። ሁለቱም ውጤቱን ስለሚያሳንሱት ማስተካከያው ሁልጊዜ ይደመራል። ሐረማያ ሜዳ ላይ ብትዘይው ግድ የለም፤ ደንገጎ ላይ ግን አይሆንም።

ሐኪም ጋራ፦
የ0.4ቷን ነገር ልጠይቅሽ፤ የመሣሪያውን ሰዓት እንዴት ሞላሽው?

የከዚራዋ፦
ጠዋት ስነሳ 2:10 ነበር፣ እሱኑ አስገባሁ።

ሐኪም ጋራ፦
ተገኘ! ለመሣሪያው ያ ከሌሊቱ 8:10 ነው። ጨረቃና ፀሐይ ባሕሩን እንደሚያነሱት ስበቱንም በቀን ውስጥ እስከ 0.3 ሚሊጋል ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። መሣሪያው ይህን በሰዓቱ አስልቶ ይቀንሳል። ሞገዱ በ12 ሰዓት ገደማ ስለሚመላለስ 6 ሰዓት ስትስቺ ማስተካከያው ተገልብጦ፣ መቀነስ ሲገባው እየደመረ መጣ። ቀኑም በፈረንጆች መሆኑን እዪ። የቀረው ልዩነት በመሣሪያው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ መለጠጡ ነው፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ወደ መነሻሽ እየተመለስሽ በጊዜው ልክ አከፋፍዪው።

የከዚራዋ፦
ወይ ጉድ! ሦስት ቀን ሙሉ በእኛ ሰዓት ነው የለካሁት።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ቁጥሩ የወረደው የፈለግሽውን እያገኘሽ ስለሆነ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው አለት በስሌቱ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ጉድለት ደጋው ከሥሩ በወፍራም ቀላል ቅርፊትና በሞቃት ማንትል (ከቅርፊቱ በታች ባለው የምድር ክፍል) መደገፉን ያሳያል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ጥናቶች ቅርፊቱን በደጋው 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሰሜን አፋር ዳናኪል ላይ ግን እስከ 16 ኪሎ ሜትር የሳሳ አግኝተውታል።

ግን አትቸኩዪ። በአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚዘል ቁጥር ከቅርፊቱ ግርጌ አይመጣም፤ የግርጌው ለውጥ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ተዘርግቶ ነው የሚታይ። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ዝቅ ካለብሽ ደለሉ ነው። ስበት ብቻውን ደግሞ ጥልቀትና እፍግታን ለይቶ አይነግርሽም፤ ያንኑ ቁጥር ብዙ ሞዴል ያወጣዋል። መስመርሽም አጭር ነው፤ ከድሬ በታች ወደ ሽንሌ አስረዝሚውና ከሞገድ ጥናቶቹ ጋር አስተያዪው።

የከዚራዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደንገጎውን ነጥብ በሳተላይት ከተሠራ የከፍታ ካርታ ጋር አመሳከርኩት፤ ስልኬ 33 ሜትር አስበልጧል። ቅዳሜ እመለሳለሁ። የጫት አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ንባቡ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ላድርግ?

ባለመዶሻው፦
ከአስፋልቱ ራቅ ብለሽ አለት ላይ አቁሚው። አይሱዙው እስኪያልፍ ታገሺና ድገሚው፤ ንፋስ ካለ በጃንጥላ ከልዪው።