የመስቀል ሰሞን ዜና ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፦ ወላጅ አንብቦ እንዲረዳው እንዴት ልጻፈው?

ጥያቄ (አዲስ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጉራጌ ዞን ውስጥ በሚገኝ አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ሆኜ ከተመደብኩ አራት ወር ሆኖኛል። ለ2019 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መክፈቻ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ማግሥት ያለውን ጊዜ የሚመለከት ባለ ሁለት ገጽ የዜና ወረቀት እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በቴሌግራምም ለርእሳነ መምህራንና ለወላጅ ተወካዮች ይላካል።

የሚያስጨንቀኝ ከዚህ በፊት ያየሁት ነገር ነው። በሌላ ወረዳ መምህር በነበርኩበት ጊዜ የተላለፈልን ማስታወቂያ ግማሹ የመልካም ምኞት መግለጫ ነበር፤ ከሥሩ «ከመስቀል በዓል በኋላ መደበኛ ትምህርት ይቀጥላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። በእኛ አካባቢ መስቀል የአንድ ቀን በዓል እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ ወላጅ «በኋላ» የሚለውን የበዓሉ ማግሥት ብሎ ተረዳው፤ ሌላው ደግሞ ዘመድ ጠይቆ፣ ተጠይቆ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ተሸኝቶ ሲያበቃ ማለት ነው ብሎ ልጁን እስከ መስከረም መጨረሻ አስቀረው። እኔም ሲሶ እንኳ በማይሞላ ክፍል ውስጥ አንድን ትምህርት ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ለማስተማር ተገደድኩ።

አሁን የያዝኩት ረቂቅ የሚጀምረው በመልካም ምኞት ሲሆን፣ ቀጥሎ «ቅዳሜ፣ መስከረም 17 የሚከበረውን የመስቀል በዓል ምክንያት በማድረግ» እያለ ይቀጥላል። ምን ይቅደም፣ ምንስ ይቅር? የክልላችን ሕዝብ በዓላት ብዙ ስለሆኑ ሰላምታውን ማንንም ሳላስቀይም እንዴት ልጻፈው? ስለ ቀሪ ተማሪዎችስ ወላጅን ሳልወቅስ ምን ብል ይሻላል? ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1 (ርእሰ መምህር፣ 16 ዓመት በሥራ ላይ)፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ «ከበዓሉ በኋላ» የሚለውን ሐረግ ከወረቀትህ ሙሉ በሙሉ አውጣው። በቦታው ሦስት ነገሮች ይግቡ፦ ከበዓሉ በፊት ያለው የመጨረሻ የትምህርት ቀን፣ ከበዓሉ ማግሥት የሚጀምርበት ቀን፣ እንዲሁም ተማሪው የሚገባበት ሰዓት። ሦስቱም ዕለትና ቀን ተያይዘው፣ በወረቀቱ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል ይጻፉ። ሰላምታው ከሥር ቢሆን የሚያስቀይመው ሰው የለም፤ ቀኑ ከሥር ቢደበቅ ግን ጉዳቱ የተማሪው ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። የትምህርት ካላንደሩን የሚያወጣው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ስለሆነ፣ ወረዳችሁ የመስቀልን ሰሞን በተለየ መንገድ ለማሳለፍና በምትኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማካካስ ካሰበ፣ ጥያቄው በነሐሴ በዞኑ ትምህርት መምሪያ በኩል በጽሑፍ መቅረብ አለበት። መልሱ ሳይደርሳችሁ በዜና ወረቀቱ ላይ «ይካካሳል» ብለህ እንዳትጽፍ። ቅዳሜ ማካካሻ ሲታሰብም ሰንበታቸውን ቅዳሜ የሚያከብሩ የአድቬንቲስት ቤተሰብ ልጆች መኖር አለመኖራቸውን ከየትምህርት ቤቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መልስ 2 (ጡረታ የወጡ መምህር)፦

ልጄ፣ ሥራህን ከልብህ እንደያዝከው ከጥያቄህ ያስታውቃል። ነገር ግን ረቂቅህ ላይ ስሕተት አይቻለሁና ከመታተሙ በፊት ይታረም። መስከረም 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ አይውልም፤ እሑድ ነው። ቅዳሜ የዋለው በ2018 ስለሆነ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ገልብጠህ ይመስለኛል። በየመሥሪያ ቤቱ በተደጋጋሚ ያየሁት ስሕተት ይህ ስለሆነ ማስላቱን በአጭሩ ላሳይህ።

5500 ዘመነ ፍዳን ከ2019 ጋር ስትደምር 7519 ይሆናል። ይህንን ለ4 ስታካፍለው 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ቀሪው 3 ሲሆን ዘመኑ ሉቃስ ነው። ቀጥለህ 7519ን ከ1879 ጋር ደምረው፤ 9398 ይመጣል። ለ7 ስታካፍለው 4 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን የመስከረም መባቻ ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ 3 ሲሆን ሐሙስ፣ 4 ሲሆን ዓርብ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ዓርብ ከዋለ መስከረም 15ም ዓርብ ነው፤ ደመራው ቅዳሜ፣ በዓሉ እሑድ ይሆናል ማለት ነው። ያለፈውን ዓመትም በዚሁ መንገድ ብታሰላው ቀሪው 3 ስለሚሆን መባቻው ሐሙስ፣ መስቀል ደግሞ ቅዳሜ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ከሒሳቡ ለሥራህ የሚጠቅም ነገር ይገኛል። በዓሉም ዋዜማውም ቅዳሜና እሑድ ላይ ስላረፉ፣ በ2019 በመስቀል ምክንያት በሕግ የሚዘጋ አንድም የሥራ ቀን የለም። ዓርብ መስከረም 15 ትምህርት አለ፤ ሰኞ መስከረም 18ም ትምህርት አለ። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ወላጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ለመጪው ዓመት ደግሞ አንድ ማስታወሻ ያዝ፦ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በዚህም የተነሣ የ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። የዚያን ጊዜ 29 ብሎ የሚያሳትም እንዳይኖር ከወዲሁ ለጓደኞችህ ንገራቸው።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በእርግጥም ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቼ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነበር የቀየርኩት። አሁን አርሜዋለሁ። የሚቀረኝ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሕግ የሚዘጋ ቀን ባይኖርም ቤተሰቡ ግን ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በዝግጅት ላይ ነው። ሰኞ መስከረም 18 ትምህርት አለ ብዬ ብጽፍ የሚቀበለኝ አገኛለሁ?

መልስ 3 (የአራት ልጆች እናት፣ ከእምድብር አካባቢ)፦

በወላጅ በኩል ያለውን ልንገርዎት። መስቀል ለእኛ ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ የሚኖር ነው። ቅቤው ሲጠራቀም ይከርማል፤ ቤቱ ይለቀለቃል፣ ይታደሳል፤ ቆጮው ይዘጋጃል፤ ለሠንጋው ገንዘብ ይዋጣል። የዚህን ሁሉ ሥራ ግማሽ የምትሸከመው ሴት ልጅ መሆኗን ጽሕፈት ቤቱ ማወቅ ይኖርበታል። ወንዶቹ ልጆች ችቦና እንጨት ሲሰበስቡ ጥቂት ሰዓት ነው የሚወስድባቸው፤ ሴቷ ግን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ጭራሽ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ወረቀቱ «ልጆቻችሁን ላኩ» ብሎ በጥቅሉ ከሚያልፍ «ሴት ልጆቻችሁን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ከትምህርት አታስቀሩ» ብሎ በስም ቢጠራቸው የሚሰማው አባት ይኖራል። እኔ የመጀመሪያዋን ልጄን አስቀርቼ ስለማውቅ ነው የምናገረው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜው ነው። ወረቀቱ መስከረም ላይ ቢወጣ ገንዘቡ ለበዓሉ ውሎ አልቋል። ደብተር ስንት እንደሚያስፈልግ፣ የደንብ ልብስ የሌለው ልጅ መመዝገብ ይችል እንደሆነ በነሐሴ ይነገረን። የደንብ ልብስ ከመስቀል በኋላ ሊሟላ የሚችል ከሆነ ይህችን አንዲት መስመር ጨምሩልን፤ በእርሷ ምክንያት ብዙ ሰው አፍሮ ይቀራል። ደግሞም ሁላችንም አናነብም። በዕድር፣ በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጮክ ተብሎ ይነበብ።

መልስ 4 (የ7ኛ ክፍል መምህርት)፦

እህታችን በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በመስቀል ሰሞን ከተማሪዎቻችን መካከል ወደ ትምህርት ቤት የማይመለሱት ሁሉም አርፍደው የሚመጡ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከዘመድ ጋር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ የሄዱ ናቸው። አጎት ለበዓል ይመጣል፤ ሲመለስ «ከእኔ ጋር ሆኖ ይማር» ብሎ ልጁን ይዞት ይሄዳል። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ መሸኛ ሳያጽፍ፣ የውጤት ካርዱን ሳይዝ ስለሚሄድ በከተማው ትምህርት ቤት የሚቀበለው ያጣል፤ ወይም ከነበረበት ክፍል ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ወይም ደግሞ ሱቅ ሲጠብቅ ዓመቱ ያልፋል። በጥቅምት አጋማሽ መሸኛ ፍለጋ ከከተማ ስልክ የሚደውሉልኝ ዘመዶች በየዓመቱ አሉ፤ በዚያን ጊዜ የከተማው ምዝገባ ከተዘጋ ቆይቷል።

ስለሆነም በዜና ወረቀትህ ላይ የተለየ አንቀጽ ይኑር። ልጁን ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ወላጅ ከጉዞው በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ መሸኛና ካርድ እንዲወስድ፣ የሚወስደው ዘመድም አብሮ ቀርቦ ልጁ የት እንደሚኖርና በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ እንዲያስመዘግብ ተብሎ ይጻፍ። ለዚህ አገልግሎት የጽሕፈት ሠራተኛ መስከረም 18ና 19 ቀኑን ሙሉ ቢሮው ክፍት አድርጎ እንዲጠብቅ ከርእሳነ መምህራን ጋር ተነጋገሩ። ዘመዶቻቸው የሚመለሱት በእነዚያ ቀናት ስለሆነ ነው።

«ሰኞ የሚመጣልኝ አገኛለሁ?» ላልከው ደግሞ የእኔ ልምድ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥር ተማሪ ቢመጣም እውነተኛ ትምህርት ይሰጥ። እኛ መምህራን «ሌሎቹ እስኪመጡ ተጫወቱ» ብለን የመጡትን ስንመልስ ወሬው በመንደሩ ተዳርሶ ማክሰኞ ደግሞ አምስት ይሆናሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ይጻፍ፦ መምህሩ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ ቃል ይግባ።

መልስ 5 (የአካባቢው ተወላጅ፣ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነጋዴ)፦

እኛ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስንገባ ለትምህርት ቤት ምን ይዘን እንምጣ ብለን የምንጠይቅ ብዙዎች ነን። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ሲያሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ልማዱ አሁንም አልጠፋም። ችግሩ የሚነገረን «ድጋፍ አድርጉ» በሚል ጥቅል ቃል መሆኑ ነው። ስንት ደርዘን ደብተር፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንት ዴስክ ጥገና እንደሚፈልግ ተዘርዝሮ ነሐሴ ሳያልቅ በቴሌግራም ቢደርሰን ዕቃውን እዚሁ መርካቶ በጅምላ ገዝተን እንጭነዋለን። ርክክቡም በደረሰኝና በወላጅ መምህር ኅብረት ፊት ይሁን። ደግሞ መምህርቷ ስለ መሸኛ የጻፉትን ለእኛም ይላኩልን፤ ልጆቹን የምንወስደው እኛ ነን።

መልስ 6 (መምህር፣ ወራቤ)፦

ስለ ሰላምታው የጠየቅከውን ልመልስ። የእናንተ ወረዳ ወረቀት ስለ መስቀል መጻፉ ተገቢ ነው፤ ሕዝቡ በዚያ ሰሞን የሚኖረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ነገር ግን በየትምህርት ቤታችሁ ሙስሊም ተማሪዎችና ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከየም የመጡ መምህራን እንዳሉ አስብ። ያሆዴም፣ መሳላም፣ ሄቦም በዚሁ በመስከረም አካባቢ የሚከበሩ ናቸው። ሁሉንም እየዘረዘርክ አንዱን ከምትረሳ «በዚህ ወር በዓላችሁን ለምታከብሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። መውሊድ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ በ2017 በመስከረም መጀመሪያ የዋለው አሁን ወደ ነሐሴ ገብቷል። ስለዚህ የምዝገባ ቀን ስትቆርጡ እርሱን ተመልከቱ።

ስለ ቋንቋው፣ ወረቀቱ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ ይሁን፤ ዋናው መልእክት ግን በአካባቢያችሁ ጉራጊኛ በድምፅ ተቀርጾ አብሮ ይላክ። የሰባት ቤቱና የሶዶው አነጋገር ስለሚለያይ የሚያነበው የወረዳው ተወላጅ ይሁን።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተከትዬ አናቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ጉድለት ካለው አርሙልኝ።

«የመስቀል በዓል እሑድ፣ መስከረም 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ይከበራል። ዓርብ፣ መስከረም 15 ሙሉ ቀን ትምህርት አለ። ከበዓሉ ማግሥት ሰኞ፣ መስከረም 18 ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ጀምሮ መምህራን በክፍላቸው ተገኝተው ያስተምራሉ፤ ሴቶችም ወንዶችም ልጆቻችሁን በዚያው ዕለት ላኩ። ልጅዎ ከዘመድ ጋር ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ከሆነ፣ ከመሄዱ በፊት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው መሸኛና የውጤት ካርድ ይውሰዱ። በዚህ ወር በዓላችሁን ለምታከብሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ።»

መልስ 7 (ጡረታ የወጡ መምህር)፦

ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ሁለት ነገር ብቻ አርም። «ላኩ» እና «ይውሰዱ» ስለተቀላቀሉ አንዱን ያዝ፤ ለወላጅ በሚጻፍ ወረቀት «እርስዎ» ይሻላል። ደግሞ ሠንጋ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ሁሉንም አያነብምና «ሰኞ፣ መስከረም 18» የሚለውን አስምርበት።

ጠያቂው፦

አርሜዋለሁ፣ ጋሼ። የዴስክና የደብተሩን ዝርዝር ከርእሳነ መምህራን እንደሰበሰብኩ ለአዲስ አበባ አባላት እልካለሁ፤ የድምፅ ቅጂውን የምታነብልኝ የወረዳችን ተወላጅ መምህርትም አግኝቻለሁ።