ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ዓይነ ስውር ያረጀች ድመት ለምትወስዱ

አንዲት እህት «13 ዓመት ገደማ የሆናት፣ ዓይኗ የጠፋ፣ ኩላሊቷንም የሚያማት ድመት ልወስድ ነው። ደሴ ላይ የት ላሳክማት? ምን ልግዛላት?» ብላ ጠይቃለች።

አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። ለአብዛኛው ነገር ሉካንዳ፣ አናጺ ቤትና የሰው ፋርማሲ ይበቃሻል። የሚከብደው ሐኪሙ ነው።

የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ርካሽ ነው፤ ሰልፉ ግን የበሬ፣ የበግና የአህያ ነው። ለቁስልና ለክትባት ሂጂበት። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ክትባቱ መኖሩን ጠይቂ። ለኩላሊትና ለዓይን ግን እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወሎ ዩኒቨርሲቲን ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ እዚሁ ደሴ ነው፤ ቢያንስ «ለድመት ደግሞ ሐኪም?» ብሎ የሚስቅብሽ የለም። ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ሐኪም ካገኘሽ ለማታይ ድመት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዋጋውን ቀድመሽ ተነጋገሪ። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ዋና ሥራው የከብትና የበግ በሽታ ስለሆነ ለአንዲት ድመት ብለሽ አትውረጂ።

የትም ብትወስጃት ዓይኗ ለምን እንደጠፋ አስመርምሪ። ድመት ኩላሊቷ ሲደክም ብዙ ጊዜ ደም ግፊቷ ከፍ ይላል። ግፊቱ ሬቲናዋን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የውስጥ ሽፋን፣ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። በድንገት የታወረች ድመት ቶሎ ከታከመች አንዳንዴ ማየት ትጀምራለች። የቆየ ከሆነ ዓይኑ ባይመለስም ግፊቱ መታከም አለበት። መድኃኒቱ አምሎዲፒን ነው፣ ወላጆቻችን የሚውጡት ያው ክኒን። የድመት መነሻ ብዙ ጊዜ በቀን 0.625 ሚሊ ግራም ነው፤ ከባለ 5 ሚሊ ግራሙ አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። ሐኪም ሳያዝ ግን እንዳትጀምሪ። ፋርማሲ ውስጥ «የሕፃን ፓራሲታሞል ጠብ አድርጊላት» የሚልሽ ደግ ሰው አይጠፋም። እንዳትሰሚው! ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም መርዝ ናቸው።

ምግብ ላይ ሽሮ ፍትፍት ይቅር። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ከሉካንዳ ልብ ግዢ፤ ታውሪን አለው። ቀቅለሽ ከነመረቁ ስጫት፣ ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣልና። ጉበት ትወዳለች፤ ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ ብቻ። የሐይቅ ዓሣ ካገኘሽ አጥንቱን በደንብ ልቀሚ፣ እሷ አታየውም። ኩላሊቷ በምርመራ ከተረጋገጠ ከአዲስ አበባ ሰው ልከሽ የኩላሊት ድመት የታሸገ ምግብ ብታስመጪ ይሻላል። ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ካልተቻለ ሥጋውን ቀነስ አድርጎ የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ መቀላቀል ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለደከመ ኩላሊት የሚከብደው ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድን እንቁላል ነጭ ውስጥ ትንሽ ነው። ውሃ በሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ ቦታውን ግን አትቀያይሪ።

ለመጸዳጃ የግንባታ አሸዋ ወይስ ሰጋቱራ? ሰጋቱራ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ደሴ ብርድ ላይም እንደ አሸዋ አይቀዘቅዝም። ቀለም ካልነካው እንጨት የወጣውን ለዪ። የኩላሊት ድመት ብዙ ስለምትሸና በየቀኑ መቀየር አለበት። በረኪና አትጠቀሚ። እሷ መንገዷን የምታገኘው በማሽተትና በጢሟ ነው።

ለብርዱ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለሽ መኝታዋ ውስጥ አስገቢ። ቡና ስታፈዪ ግን ሌላ ክፍል ትዘጋ፤ ማንደጃው ለማታይ ድመት አደጋ ነው።

ቁንጫ ካለባት ለበግ የሚረጨውን ዲያዚኖን እንዳትነኪው፣ ፐርሜትሪን ያለበትንም። ጥርሱ ጠበቅ ያለ ማበጠሪያና የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ለዒድ ወይም ለገና አገር ቤት ስትሄጂ ይዘሻት አትሂጂ። ቤቷን ለምዳዋለች። የየቀኑን ክኒን በወረቀት ጠቅልለሽ ለጎረቤት ተዪ፣ ከመሄድሽ በፊትም ፊትሽ አንድ ጊዜ ትስጣት።